ሩጫውን ልተው ወይስ ትምህርቱን?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከጎንደሯ አዘዞ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ። ዕድሜዬ 20 ነው። አምና በሩጫ ስኮላርሺፕ አግኝቼ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ዲቪዥን 1 በሚባለው፣ በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ ውስጥ ነው። ትምህርቱን፣ ዶርሙንና ምግቡን ስኮላርሺፑ ይሸፍነዋል። አሁን ለክረምት መጥቻለሁ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ደህና ነበር፣ 14 ክሬዲት ወስጄ 2.5 አመጣሁ። ሁለተኛው ተበላሸብኝ። 15 ክሬዲት ተመዝግቤ አንዱን ድሮፕ አደረግሁ፣ 4 ክሬዲት የነበረውን ኬሚስትሪ ደግሞ ኤፍ አገኘሁ። ጂፒኤዬ 1.88 ሆኖ ዋርኒንግ ገባሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ልምምድ አለ። ከዚያ ክፍል። ከሰዓት እንደገና ልምምድ። ማታ ማታ የግቢው ጂም መግቢያ ላይ በሳምንት 15 ሰዓት እሠራለሁ፣ ከእሱም ለቤተሰብ እልካለሁ። ጥናት የምጀምረው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ውጤቴን አልነገርኩትም። አጎቴ ‹ትምህርቱን ተወውና ሩጥ፣ ብሩ ያለው እዚያ ነው› ይለኛል። 5,000 ሜትር በ14 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ እሮጣለሁ። እኔ ግን ሩጫውን ትቼ ብማር ይሻላል እያልኩ ነው። የቱን ልተው?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትተው። መተው ያለብህ ሌላ ነገር ነው፣ እሱንም አንተው ራስህ በደብዳቤህ መሃል ጽፈኸዋል። የማታ ሥራህን ማለቴ ነው።

እስቲ ሰዓቱን አብረን እንደምረው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ብትተኛ 56ቱ ይሄዳል፣ 112 ይቀርሃል። 15 ክሬዲት ማለት በሳምንት 15 ሰዓት ገደማ ክፍል ነው። ለአንድ ሰዓት ክፍል ሁለት ሰዓት ጥናት የሚለውን የተለመደ ስሌት ከያዝን 30 ሰዓት ጥናት ይመጣል። ልምምዱ በውድድር ወቅት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ የኮሌጅ ስፖርቱ ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ገደብ አድርጎበታል። ድምሩ 65 ነው። ለምግብ፣ ለሻወር፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመንገድ፣ ከእናትህ ጋር በስልክ ለማውራት 47 ሰዓት ይተርፍሃል። ጠባብ ቢሆንም ያኖራል። አሁን ሥራውን ጨምርበት። 80 ሆነ፣ የተረፈህም 32 ነው። ከዚህ ላይ ያ 20 ሰዓት የማያካትተውን ቀንስ። ለውድድር በአውቶቡስና በአውሮፕላን የምትጓዘው አይቆጠርም። ጉልበትህን በረዶ ላይ የምታቆይበት፣ ፊዚዮ ጋ የምትሰለፍበትም እንደዚያው። ጭራሽ የውድድር ቀን ሙሉ ቀን ቢፈጅ እንኳ የሚመዘገበው 3 ሰዓት ተብሎ ነው። ታዲያ የጎደለው ከየት ይሞላል? ከእንቅልፍህ ነዋ! ከምሽቱ 5 ሰዓት መጽሐፍ ገልጠህ ጠዋት 12 ሰዓት ሜዳ ላይ የምትቆም ከሆነ ኬሚስትሪው እንዴት ይግባህ?

የእግር ኳስ ተጫዋች ጓደኛ ካለህ፣ እሱ እንዴት እንደሚችለው ገርሞህ ይሆናል። የእሱ ዋና የውድድር ወቅት አንድ ነው። አንተ ረጅም ርቀት ሯጭ ነህ። ከመስከረም እስከ ኅዳር አገር አቋራጭ፣ በብርዱ ወራት የቤት ውስጥ ውድድር፣ ከመጋቢት ጀምሮ ደግሞ የትራክ። ሦስቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት። እንዲህ ያለው ተማሪ «የውድድሩ ጊዜ ሲያልፍ እደርስበታለሁ» ካለ ሰኔ ድረስ አይደርስበትም።

ወደ አጎትህ ምክር ልምጣ። ክፉ አስበው አይመስለኝም፣ ልጅ ሮጦ ቤተሰቡን ሲያወጣ ያየ አገር ነው ያለን። ግን ሰዓትህን በቅንነት እንየው። 14:05 ለኮሌጅ ጥሩ ሰዓት ነው፣ ስኮላርሺፕም አስገኝቶልሃል። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. 5,000 ሜትርን የሮጠው በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ነው። ባንተ ፍጥነት ሲሰላ ከአንድ ዙር በላይ ይቀድምሃል ማለት ነው። ይህን የምልህ ላሳንስህ አይደለም፣ ገና 20 ዓመትህ ነው፣ ትሻሻላለህ። ነገር ግን እዚህ አገር 14 ደቂቃ አካባቢ የሚሮጥ ልጅ ክለብ ለመግባት ምን ያህል እንደሚጋፋ አጎትህ ራሳቸው ያውቁታል። አንተ አሁን በእጅህ ያለው አሰልጣኝ፣ ሐኪም፣ ምግብ፣ ጫማና የነጻ ትምህርት ነው። እሱን ጥለህ እዚህ ተራ መጠበቅ ምኑ ነው ትርፉ?

ያሬድ ንጉሤን ታውቀዋለህ መቼም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ በ1,500 ሜትር ነሐስ ያገኘው። ኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ ባዮኬሚስትሪ ነው ያጠናው፣ ሐሳቡም የጥርስ ሐኪም መሆን ነበር። ለቶኪዮ ኦሎምፒክም አልፎ ነበር፣ ግን ተጎድቶ ሳይሮጥ ቀረ። እሱ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፣ ቋንቋውም ሥርዓቱም አይከብደውም፣ ስለዚህ ከእሱ ጋር ራስህን አታወዳድር። እኔ ያነሳሁት በዚያ ደረጃ ያለ ሯጭ እንኳ አንዲት የጡንቻ ጉዳት ኦሎምፒክ እንደምታስቀረው እንድታይ ነው።

አጎትህ ሰው ሊያገናኙህ ይሞክሩ ይሆናል። ይህን ልብ በል። ከማናጀር ጋር ውል እንዳትፈርም። በዚህ ክረምትም ሽልማት ያለው ሩጫ ላይ ስምህን ከማስመዝገብህ በፊት የዩኒቨርሲቲህን የስፖርት ደንብ ክፍል፣ ኮምፕላያንስ የምትሉትን፣ ጠይቅ። አንድ ፊርማ የኮሌጅ ተወዳዳሪነትህን ሊያሳጣህ ይችላል።

የአንተም ሐሳብ ቢሆን አያዋጣም። ስኮላርሺፑ የተሰጠህ ልትሮጥ ነው። በገዛ ፈቃድህ ቡድኑን ከለቀቅህ ዩኒቨርሲቲው ሊያቋርጥብህ ይችላል። ያኔ ክፍያውን ማን ይችለዋል? የአባትህ ጡረታ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከደብዳቤህ ውስጥ ያሳጠርኩት አንድ አንቀጽ ነበር፣ እሱን ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልችልም። ኬሚስትሪ ላብ (የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ) ላይ ሁለት ጊዜ የቀረኸው በውድድር ጉዞ ምክንያት እንደነበር ጽፈሃል። ስፖርት ክፍሉ ሴሚስተሩ ሲጀመር የጉዞ ቀናቱ የተዘረዘሩበት ደብዳቤ ለየመምህሮችህ እንድትሰጥ አዘጋጅቶልህ ነበር። አንተም ተቀብለህ ቦርሳህ ውስጥ አኖርከው። «መምህሯን ማስቸገር መሰለኝ» ነው ያልከው። ሁለቱ ላብ ዜሮ ተያዘብህ። ያ ደብዳቤ እስከ ሰኔ ቦርሳህ ውስጥ ታጥፎ ተቀመጠ።

ወንድሜ፣ ይሄ ነው የጎዳህ። እኛ ቤት ልጅ ሲያድግ መምህር ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ ነው። ጨዋነት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። እዚያ ግን ዝም ያለ ተማሪ ጨዋ ሳይሆን ግድ የሌለው ተደርጎ ነው የሚታየው። መምህሯ አንተ የት እንደነበርክ በምን ታውቃለች? አሰልጣኝህስ ማታ እንደምትሠራ ያውቃል? እንደማያውቅ እገምታለሁ። ቢያውቅ ኖሮ ጠዋት ለምን እንደምትደክም ሳይጠይቅህ አይቀርም ነበር።

በመጪው ሴሚስተር የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያን ደብዳቤ በእጅህ ይዘህ ወደ እያንዳንዱ መምህር ቢሮ ግባ። ኢሜይል ብቻ ልከህ አትተወው። መምህራኑ ለተማሪ ክፍት የሚያደርጉት የቢሮ ሰዓት አላቸው፣ የኮርሱ ዝርዝር መግለጫ (ሲላበስ) ላይ ተጽፏል። «በእነዚህ ቀናት እጓዛለሁ፣ ላቡን ቀደም ብዬ ልሥራው ወይስ ከሌላው ቡድን ጋር?» በል። ይህን አንዲት ጥያቄ ሰኔ ላይ ሳይሆን ነሐሴ ላይ ስትጠይቃት ከሁለት ዜሮ ታድንሃለች። በጉዞ ላይ የሚውል ፈተና ካለም ከቡድኑ ጋር ያለ ኃላፊ ተቆጣጥሮህ የምትፈተንበት መንገድ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አላቸው፣ የሚሰጥህ ግን ከጠየቅህ ነው። የቱቶር አገልግሎትም እንዲሁ። በነጻ ቀርቦልህ ሳለ «ሰነፍ ይሉኛል» ብለህ አትሽሽ፤ ጎበዞቹም ይሄዳሉ።

ስለ ውጤትህ ደግሞ ሳትደናገጥ ስማኝ። አንተ ዋርኒንግ ሲሉህ ሁሉም ነገር ያከተመ መስሎሃል። ሦስት የተለያዩ ሕጎች ናቸው አንድ ላይ የተደበላለቁብህ። ዩኒቨርሲቲው 2.0 ይፈልጋል፣ አንተ 1.88 ነህ፣ ዋርኒንጉ የመጣው ከዚያ ነው። ኤንሲኤኤ ግን ሁለተኛ ዓመትህን ስትጀምር የሚጠይቅህ ለመመረቅ ከሚያስፈልገው ጂፒኤ 90 በመቶውን ነው፣ 1.8 ማለት ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ 95 በመቶ ይሆናል፣ አራተኛው ላይ ሙሉውን። በዚህ በኩል አልፈሃል። የወደቅኸው በክሬዲት ነው። ከሁለተኛው ዓመት በፊት 24 ክሬዲት ማለፍ ነበረብህ። ከመጀመሪያው ሴሚስተር 14፣ ከሁለተኛው 8፣ በጠቅላላው 22 ነው ያለህ። ሁለት ክሬዲት ጎድሎሃል። ይህ ሳይሞላ መስከረም ከመጣ ትለማመዳለህ እንጂ አትወዳደርም።

ሁለት ክሬዲት አንድ የክረምት ኮርስ ይሞላዋል። ከ24ቱ 18ቱን በመደበኛው ሴሚስተር ካለፍክ ቀሪውን በክረምት ማሟላት ይፈቀዳል፣ አንተ ደግሞ 22 አለህ። ዩኒቨርሲቲህ በኦንላይን የሚሰጠው ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ እዚሁ ጎንደር ቁጭ ብለህ ልትጨርሰው ትችላለህ። መብራቱና ኢንተርኔቱ እንደምታውቀው ነው፣ ስለዚህ ቪዲዮ የሚበዛበትን ወይም በቀጥታ የሚካሄደውን አትምረጥ። ንባብና ጽሑፍ ያለው ይሻልሃል። ንባቡን መብራት ባለበት ሰዓት አውርደህ አስቀምጥ። ክፍያውን ስፖርት ክፍሉ ይሸፍንልህ እንደሆነም ጠይቅ፣ አንዳንዶቹ ይሸፍናሉ።

ኬሚስትሪውን ደግሞ ድገመው፣ አትሽሸው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የወደቀ ኮርስ ሲደገም አዲሱን ውጤት በአሮጌው ቦታ ይተካሉ። ያንተም እንደዚያ ከሆነ ሲ ብቻ ብታመጣ ጂፒኤህ ከ1.88 ወደ 2.19 ይወጣል፤ አስልቼዋለሁ። ግን አገር አቋራጩ በሚበረታበት ሴሚስተር ላይ ከሌላ ላብ ጋር አትደርበው። አትሌቶች ቀድመው እንዲመዘገቡ የሚፈቅዱ ግቢዎች አሉ፤ ያንተም ከፈቀደ ላቡን ጉዞ በማይበዛበት የሳምንቱ ቀን፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ አድርገው። አርብ ላብ ለሯጭ አይሆንም።

ሦስተኛው ሕግ የቪዛህ ነው። ኤፍ-1 ላይ ያለ የዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር ከ12 ክሬዲት በታች መውረድ የለበትም። ባለፈው ከ15 ድሮፕ አድርገህ 12 ላይ ነው የቆምከው። አንድ ተጨማሪ ብትጥል ኖሮ ጣጣው ከሩጫም ያልፍ ነበር። ከእንግዲህ ምንም ነገር ድሮፕ ከማድረግህ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ግባ፤ አድርጌ ልንገራቸው አትበል።

ወደ ሥራው ልመለስ። ለቤተሰብ የምትልከው ገንዘብ ምን እንደሚያደርግ ይገባኛል፣ ዘይትና ጤፍ የት እንደደረሰ እኔም እገዛለሁ። ለዚህም ነው ይህ ክፍል ከሁሉ የሚከብድህ። ግን አስበው። ስኮላርሺፑ ቢቋረጥ የምትልከው ብር አብሮ ይቋረጣል። ቢያንስ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ሥራውን ተው። ከዚያ በኋላ ውጤትህ ከ2.0 ከዘለለ ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ ከ5 ወይም ከ6 ሰዓት የማይበልጥ ያዝ። የማታውን ግን በፍጹም አትመለስበት። የምታጠናውም ማታ አይሁን። ጠዋት ከልምምድ በኋላ በክፍልና በክፍል መሃል ያለችው ሰዓት ወርቅ ናት፤ ወደ ዶርም ከተመለስክ ትተኛለህ፣ ስለዚህ በቀጥታ ላይብረሪ ግባ። ከባዱን፣ ኬሚስትሪውን፣ ያኔ ሥራ። ማታ የሚቀርህ ቀለል ያለ ንባብ ይሁን። 4 ሰዓት ሲል ተኛ።

አባትህ ጋ ስንደርስ ደግሞ እንደ እህት ልናገርህ። ንገረው። መምህር የነበረ ሰው ነው፣ በዕድሜው ስንት ኤፍ ያገኘ ተማሪ ጠርቶ አናግሯል። የልጁ ኤፍ ያሳዝነዋል፣ ከሌላ ሰው ሲሰማው ግን ይሰብረዋል። አንተን ፒያሳ ያገኘህ ሁሉ «እንዴት ነው ትምህርት?» ሲልህ «ደህና» እያልክ የምትዞረው ነገር እሱ ጆሮ ሳይደርስ አይቀርም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት አይሁን። ብቻውን ሲሆን፣ ጠዋት ላይ፣ ትራንስክሪፕቱን በእጅህ ይዘህ። መጀመሪያ ውጤቱን፣ ቀጥሎ የክረምቱን ኮርስ፣ በመጨረሻም ገንዘቡ ለጥቂት ወራት እንደሚቆም ንገረው። ገንዘቡ መቆሙን ለእናትህ እሱ ያስረዳልሃል። አጎትህንም ቢሆን ከአንተ ይልቅ እሱ ቢያናግራቸው ይቀላል። መጀመሪያ ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ። ተቆጥቶ ሲጨርስ ግን እንደ መምህር ማሰብ ይጀምራል፣ ያኔ ምናልባት ከማንም በላይ የሚጠቅምህ እሱ ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገር። «ሁልጊዜ ይደክመኛል» ብለሃል። እንቅልፍ ማጣት ብቻ ላይሆን ይችላል። ረጅም ርቀት ሯጮች ላይ የብረት ማነስ የተለመደ ነው፣ ሲያንስም እግርንም ጭንቅላትንም ያደክማል። አንተ ደግሞ ጾመኛ ነህ፣ ዐቢይ ጾሙም ከትራክ ውድድሩ ጋር ነው የሚገጥመው። እዚህ እያለህ ደምህን ተመርመር፣ ሐኪሙን ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ምርመራ) ጨምሩልኝ በለው። ክኒን በራስህ ገዝተህ እንዳትጀምር። ለቡድኑ ሐኪምና ለምግብ ባለሙያው እንደምትጾም ንገራቸው። ምን እንደማትበላና እስከ ስንት ሰዓት እንደማትበላ ካወቁ ያስተካክሉልሃል። በንስሐ አባትህም በኩል ማማከር ያለብህን አማክር። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ከዚያ በፊት ብታናግራቸው ጥሩ ነው።

ልምምዱንስ? እሱን ለአሰልጣኝህ እተወዋለሁ። ብቻ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚያ ሜዳ ላይ የምትሮጥበትን ፍጥነት እዚህ ካልያዝኩ ብለህ አትታገል። ጠዋት ዝናቡ ሳይመጣ ሩጥ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ኮርስህ። በዚያው መስከረም ላይ የምትኖርበትን ሰዓት ከአሁኑ ትለምደዋለህ።

ዛሬ ማታ ሦስት ኢሜይል ጻፍ። አንዱ ለአካዳሚክ አማካሪህ ስለ ክረምቱ ኮርስ፣ አንዱ ለኮምፕላያንስ ስለ ጎደሉት 2 ክሬዲቶች፣ አንዱ ለአሰልጣኝህ ስለ ማታው ሥራና ስለ ዋርኒንጉ። ማታ የምልህ እነሱ ቢሮ ገና ቀን ስለሆነ ነው። በብዙ ግቢዎች ሁለተኛው የክረምት ዙር በሐምሌ ይጀምራል፣ የምዝገባ ቀኑን ግን ኢሜይሉ እስኪመለስልህ አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ድረ ገጹ ላይ ገብተህ እየው።